ዓይኔን ከማሽኑ ሳልነቅል

እኛ ሁሉን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን። የጎረቤት ሐሜት፣ የአለቃ ግልምጫ፣ የአማች ቅያሜ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። ሆዱ የነፍሰ ጡር የሆነ ዕለት ግን ትዕግሥታችን ያልቃል። ወንድ ነው ሴት? ተንቀሳቀሰ? እኔማ ይብስብኛል፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ያልተለካ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለቤቴ ፈንታዬ የፎገራ ገበሬ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወረታ ሐኪም ቤት ስንገባ፣ ዓይኔ ያረፈው ጥግ በቆመው ማሽን ላይ ነበር። ቀበቶው ሆድ ላይ ሲታሰር የፅንሱን የልብ ምት በቁጥርና በመስመር ያሳያል። «ይሄ ይታሰርላት!» አልኩ። አዋላጇ ግን ትንሽ ጡሩምባ የመሰለች የእንጨት ማዳመጫ ይዛ መጣች። እስቲ ፍረዱኝ፣ ማሽን ቆሞ እያየ በእንጨት ማዳመጥ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

«መምህር፣ ባለቤትዎ ጤነኛ ናት፤ እርግዝናዋም እንከን የለበትም» አለች ረጋ ብላ። «እንዲህ ላለችው መመሪያው በየግማሽ ሰዓቱ በጆሮ አዳምጡ ነው የሚለው። ማሽኑ ያለ ምክንያት ከታሰረ አልጋ ላይ ያስቀራታል፤ ለማያስፈልግ ቀዶ ጥገናም ሊዳርጋት ይችላል። ለመሆኑ እሷን ጠይቀዋታል?»

አልጠየቅኋትም።

ፈንታዬ ግድግዳውን ተደግፋ «የአባቴ ላም እንኳ ስታምጥ ትፈታለች እንጂ አትታሰርም!» አለች። ከዚያ በእናቷ ክንድ ተደግፋ ትንጎራደድ ጀመር። አማቴ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ አዋላጇ በየግማሽ ሰዓቱ ምጡ ጋብ ሲል ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዋላጇ እንዳጎነበሰች ቆየች። ደግማ አዳመጠች።

«ልቡ ትንሽ ዝግ ብሎብኛል፣ እህቴ» አለቻት ለፈንታዬ። «አሁን ማሽኑ ያስፈልገናል። በግራ ጎንሽ ትተኚልኝ?»

«እሽ፤ አሁንስ እሰሩኝ።»

ታሰረ። ቁጥሩ ሲወርድ አብሬ ወረድኩ፣ ሲወጣ አብሬ ወጣሁ። ልጄን የማጣ መሰለኝ። ቀስ በቀስ ምቱ ተስተካከለ፤ እኔ ግን አላመንኩም። ከኋላዬ ሰው ወጣ፣ ገባ፤ «ግፊ! በርቺ!» ተባለ፤ ዓይኔን ከመስመሩ አልነቀልኩም። ድንገት የማሽኑ ድምፅ ቀጥ አለ። መስመሩም ጠፋ።

«ልቡ ቆመ! ልጄን አድኑልኝ!» ብዬ ጮኽኩ፤ እንባዬም ዱብ ዱብ አለ።

ማንም አልደነገጠም። ይባስ ብለው አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት። ፈንታዬ በደከመ ድምፅ «አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል እንጂ» አለችኝ፤ «ልጅህ እኮ ወጥቷል።»