ከንቲባውን የቀደመችው ዓሣ ሻጭ

በዓለም ላይ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ብዙ ናቸው፤ እንደየማዕረጋቸው ተራ ሲደርሳቸው ግን የአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ለሥርዓት ያደረጉት ተጋድሎ ሳይነሣ አይቀርም።

ጨዋታው በጎርፍ የምትጥለቀለቅ ከተማ ሕዝብ በድልድይ ተሻግሮ የሚያመልጥበት ነበር። ለዚህ የስክሪን ሕዝብ መንገድ የምታበጀው ፕሮግራመር ለሁሉም አንድ ደንብ ሰጠች፤ በአቋራጭ ወደ ድልድዩ ሩጥ። ሮጡ፤ ተሻገሩ፤ ዳኑ።

ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ያ ከንቲባውን የገፋው ማነው?»

«ተሸካሚ ነው፣ ጋሼ። ጎርፍ እየመጣበት እኮ ነው።»

«ጎርፍ ያልፋል፤ ነውር አያልፍም! ለእያንዳንዱ ማዕረግ ስጪው። ማንም ከአለቃው እንዳይቀድም!»

ፕሮግራመሯ ሁለት ዓመት የደከመችበት ጨዋታ ከእጇ እንዳይወጣ ፈርታ «እሺ» አለች።

በማግስቱ ጎርፉ ተለቀቀ። ከንቲባው ከማዘጋጃ ቤቱ ወጣ እንዳሉ አንድ የግንብ ጥግ ውስጥ ተሰነቀሩና፣ ፊታቸውን ለግንቡ ሰጥተው ባሉበት ይራመዱ ጀመር። ምክትላቸው ከኋላቸው ሆነው ባሉበት ተራመዱ። ከምክትሉ ኋላ ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ኋላ ነጋዴው፣ እያለ መላው ከተማ ባለበት ተራመደ። ውሃው ጉልበት ደረሰ፤ ደረት ደረሰ፤ ሰልፉ ግን ውልፊት አላለም።

«ጋሼ፣ ሕዝቡ እየሰመጠ ነው!»

«ሰልፋቸውን ግን አየሽልኝ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ እንባ አቅርረው።

«የተሰለፉት እኮ ለግድግዳ ነው!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት ከመከረ በኋላ ጥፋቱ የግንቡ መሆኑን ስለደረሰበት ግንቡ ከጨዋታው ተነሣ። ከንቲባውም በማይበገር አመራር ቀጥለው የሚቀጥለው ግንብ ውስጥ ገቡ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን ተሸክማ ባዶውን ድልድይ ስትሻገር ታየች። የኮሚቴው አባላት ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ይኸው!» አለች ፕሮግራመሯ፣ ከደስታዋ ብዛት ጠረጴዛውን መትታ። «እሷ ዳነች! ማዕረግ መስጠት ረስቼላት ነው። የሌሎቹንም ብናነሣው…»

«ስህተቱ ተገኘ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆኑት የድርጅቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ኪቦርዱን ስበው ለዓሣ ሻጯ የመጨረሻውን ማዕረግ ጻፉላት። ማዶ ደርሳ የነበረችው ሴት ቆም አለች። ዞረች። ድልድዩን ተመልሳ ተሻግራ ከሰልፉ ጭራ ተሰለፈች። እዚያ ጋ ውሃው ከራሷ በላይ ነበር።

«አሁን ገና ሕዝብ ሆኑ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ፕሮግራመሯ ስክሪኑን ትንሽ አየችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

«ወዴት ነው? እኔ ሳልወጣ? ምክትሌ ሳይወጣ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ለእኔም ማዕረግ መስጠት ረስተዋል» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ይህን የመሰለ ጉድለት በዝምታ አይታለፍምና ኮሚቴው ወዲያው ማዕረግ አጸደቀላት። ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከአለቃው ቀድሞ ወጥቶ የሚያደርስላት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።