ማሽላ ጠባቂዎቹ ሲዲዎች

ቁጭ በሉ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ጨዋታ አለኝ። ቢያስቆጭስ? አሶሳ ላይ መብራት ሄዶ ከሆነ ከመስማት ሌላ ምን ሥራ አላችሁ?

ጎረቤታችን ጋሽ ወንድይፍራው ጆሮ አላቸው። ሁላችንም አለን፤ የሳቸው ግን ሌላ ነው። ይህንንም የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ከጎጃም ለጥቂት ጊዜ ብለው ተመድበው መጡ፤ ይኸው ልጃቸው ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ባለፉት ዓመታት የለቀሙት ሲዲ የሳሎናቸውን ቡፌ ሞልቶታል። ሌላው ሰው ቡፌ ውስጥ ብርጭቆ ይደረድራል፤ እሳቸው ዘፈን። እንግዳቸው ውሃውን በፕላስቲክ ኩባያ ጠጥቶ፣ ዘፈኑን በጥራት አዳምጦ ይሄዳል።

ታዲያ ልጅቷን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ፣ የወለጋ ልጅ ናቸው፣ ቆፍጠን ብለው «በፕላስቲክ ኩባያ ሽማግሌ አልቀበልም። ወይ ሲዲው ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው አሰቡበት። ትንሽ ረዘም አድርገው አሰቡበት ነው የሚባለው። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

እኔን ያስተማረኝ የለም። ኮምፒውተር እየፈታሁ፣ የፈታሁት አልገጥም እያለኝ ነው የተማርኩት። ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው፤ እናንተም አታመልጡኝም። ሻንጣ አልዘጋ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ሰው «ይህንን እንኳ አልለብሰውም» እያለ ልብስ አውጥቶ ይጥላል። ሌላው አጣጥፎ አጣጥፎ ከላዩ ላይ ተቀምጦ ይዘጋዋል። ሲዲን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥም እንዲሁ ነው። አንዱ መንገድ «ይህንን ጆሮ አይለየውም» ብሎ ከድምፁ ይቀንሳል፤ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። ሌላው ምንም አይጥልም፤ ግን ቦታ ይበላል።

ጋሽ ወንድይፍራው «ከኔ ዘፈን ክር እንዳትመዝ» አሉኝ። ለማዕረጉ ብለውም የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚመልስ ትንሽ ሳጥንና የበሬ መጥመጃ የሚያህል ኬብል ከአዲስ አበባ አስመጡ። ሳጥኑን ስገጥም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ሰማህ? የማሲንቆው ጭራ አንድ በአንድ ይለያል» አሉ። ሳጥኑ ገና አልበራም ነበር። ዘፈኑ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ከስልኬ ነው፤ ያውም ከኢንተርኔት ያወረድኩት፣ ግማሽ ልብሱ የተጣለበት ሻንጣ። ኬብሉን መሰካቴን ቀጠልኩ። ትልቅ ሰው አይታረምም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ።

ኮምፒውተሩ የኛን ሲዲ ከየት ያውቀዋል? ሁሉንም «ያልታወቀ ዘፋኝ» እያለ መዘገበው። ይህን ጊዜ ተቆጡ። «ያልታወቀ? በኔ ሰርግ ላይ የዘፈነ ሰው ነው እኮ!»

ተገልብጦ አለቀ። አዲስ ሃይማኖት የገባ ሰው አይታችኋል? በማግስቱ መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ «አንተ አሁንም ሲዲ ታሽከረክራለህ?» ይሉ ጀመር። ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይም ቅጂ እናስቀምጥ ብላቸው «ምን ያሟርትሃል» አሉኝ።

ሲዲዎቹስ? የእትዬ ጫልቱ ታናሽ ወንድም ገመቹ ባምባሲ ማሽላ ዘርቷል። ማሽላው ፍሬ ይዞ፣ ወፍ አላስቀምጥ ብሎታል። የሚያብረቀርቅ ነገር ነፋስ ላይ ሲዞር ወፍ ይደነግጣል። ጋሽ ወንድይፍራው በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው «ውሰደው፣ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው» ብለው ሰጡት። ገመቹ አንዱን አንሥቶ በቀዳዳው አጮለቀ። «የሠራው ሰው ይባረክ። የገመዱን ቦታ እንኳ አልረሳም» አለ።

እሑድ ደረሰ። ቡፌው በብርጭቆ አሸብርቋል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወንድይፍራው «ከነገሩ በፊት ድምፅ ስሙ» ብለው ኮምፒውተሩን ሲነኩ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤ ከዚያ ተቆጥቶ መጣ። አመሉን ታውቁታላችሁ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህ ድምፅ በሙያችን ቋንቋ «ነፍስ ይማር» ማለት ነው። አንዱ ሽማግሌ «ዘፈኑ አይጀምርም?» ቢሉ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ላብ እያጠመቃቸው «ቆዩ፣ ገና መግቢያው ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፤ መግቢያውን እስከ ምሳ አዳመጡ። ልጅቷ ተፈቀደች። ዘፈኑ ግን ተቀበረ።

በነጋታው ሚኒባስ ይዘን ባምባሲ ወረድን። የጋሽ ወንድይፍራው ዕድሜ በሙሉ ማሽላው መሀል ገመድ ላይ ተሰክቶ በፀሐይ ይሽከረከራል። ወፍ የሚባል የለም። እጃቸውን ወደ ገመዱ ሲሰዱ ገመቹ ያዝ አደረጋቸው።

«ጋሼ፣ ተዉ እንጂ። የሰጡኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ዘፈኔ ነው ገመቹ። ሌላ የለኝም።»

«ይሄም ማሽላዬ ነው። እኔስ ሌላ አለኝ? ሲዲው ከወረደ ወፉን ማን ይከልክልልኝ?»

ገመቹ ወደ ወፍ መጠበቂያው ማማ አየ። ቀጥሎ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው አየ። እኔም አየሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ጋሽ ወንድይፍራው ግን የብብታቸውን ሊያስመልሱ ቆጥ ላይ ወጡ። ከቢሮ ፈቃድ ወስደው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ወንጭፍ ጨብጠው ማማው ላይ ቆሙ። እኔ ኮምፒውተሬን ገመቹ ቤት አስቀምጬ አንዱን ገመድ እፈታለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ፤ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። እሳቸው ከላይ ሲጮሁ ገመቹ ከታች ሆኖ «ጋሼ፣ ጩኸትዎ ጥራት ይጎድለዋል። ወፎቹ ቅር አላቸው» ይላል። እህቱን ስንት ዓመት በፕላስቲክ ኩባያ ያስጠጣ አማች አግኝቶ እንዴት ይለፈው?

የሞተውን ሃርድ ዲስክም ፈታሁት። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? እንደ መስታወት የሚያበሩ ክብ ክብ ዲስኮች፤ ያውም መሀላቸው ቀዳዳ። ገመቹ «ይሄ ከሲዲውም ይበልጣል» ብሎ ከፊት ለፊት ሰቀላቸው።

አሁን ዘፈኑ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተቀምጧል። ሲዲዎቹም ማሽላው ታጭዶ ተመልሰዋል፤ የሚኖሩት አልጋ ሥር ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ተማሩ ብላችሁ ነበር? አዲሱን ቅጂ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሰማህ? ፀሐይና ነፋስ ድምፁን አለስልሶታል። ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ። ቁጥር በፀሐይ አይለሰልስም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አዘኑልኝ። ይኸው በሳቸው ምክር አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲዲዎቹን ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫ ላይ አስጥቷል።

እናንተም ሞክሩት። ሲዲያችሁን ገልብጡ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ማሽላ ላይ ስቀሉት። ማሽላ ከሌላችሁ ልብስ ማስጫም ይሆናል። ለውጡን ካልሰማችሁ ጆሯችሁን አትውቀሱ፤ ዓይናችሁን በደንብ ስላልጨፈናችሁ ነው።