ከወይዘሮ ዘይነባ በምን እንበልጣለን?

በእኛ አገር ሰው በምን እንደሚበልጥ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይናገርም። ጋቢው አምስት ወረዳ የሚታወቅለትን ሸማኔ «እጅህ እንዴት ያለ ነው» ብትሉት፣ «ኧረ እንደነገሩ ነው፤ ብርድ ከመለሰ ምን ይባላል» ይላችኋል። ቅኔ ሲዘርፍ ማኅሌቱን የሚያስደምመው መሪጌታም ቢሆን «እኛማ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ትቢያ ነን» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ትቢያ ነን እያለ ግን የሚሰማውን ሰው በዓይኑ ጥግ ያያል፤ አምኖኝ እንዳይሆን ብሎ ይሰጋል። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው።

ታዲያ የእህቴ ልጅ አይናዲስ አንድ ቀን ባለ አምስት ገጽ ቅጽ ይዛ ቢቸና ካለው ቤቴ መጣች። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሐሳብዎ ከተወዳዳሪዎችዎ የሚበልጥበትን በዝርዝር ያስረዱ» ይላል። አይናዲስ በማኔጅመንት ከተመረቀች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጥያቄው ሥር የተሰመሩት ባዶ መስመሮች ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጠዋታል። እኔ ዘንድ የመጣችው ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ነው። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስንት ዓመት ስለ ገበያ አስተምሬ ገበያ የሚልከኝ ሰው የለም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ዶሮ እንድገዛ ልካኝ ነበር፤ ያመጣሁትን ዶሮ ካየች ወዲህ ራሷ ነው የምትሄደው።

ሐሳቧ ይህ ነበር። ከየገጠሩ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ቢቸና የሚመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደየቀያቸው ይሄዱና እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እስከ ማክሰኞ እንጀራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ፤ አርብ ጠዋት ምን እንደሚበሉ እግዜር ያውቃል። አይናዲስ ለእነዚህ ልጆች ንጹሕ መኝታ፣ ማንበቢያ አዳራሽ፣ ሻወር፣ ዘበኛና (ኔትወርክ ሲኖር) ዋይፋይ ያለው ግቢ ልትከፍት አስባለች። «ስታርትአፕ ነው ጋሼ» አለችኝ፤ እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ቅጹ ለወጣቶች የተዘጋጀ የሥራ ሐሳብ ውድድር መመዝገቢያ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ባዶውን የቆመ አንድ ግቢ ይሰጠዋል ተብሏል።

ነገሩ ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም አጎት «በርቺ» ብዬ በሸኘኋት። ግን የአይናዲስ ፓስፖርት ወጥቷል። አንድ ደላላ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሊልካት ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ እናቷ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል። ልጅቱ የነገረችኝ በአጭሩ ነው፤ የተማሪዎቹ ቤት ከሆነ ትቀራለች፣ ካልሆነ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ስጋታም ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሹፌሩ እኩል ፍሬን የምረግጥ ሰው ነኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው ብያት ቢከስርስ? መጥፎ ነው ብያት ብትሄድስ? «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ፤ መካሪው ራሱ ሲፈራ ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም። ቅጹ «ስጋት» የሚል ቦታም ነበረው፤ አንዲት መስመር ብቻ። አገሩንና ጊዜውን አስበን አስበን «ልዩ ልዩ» ብለን ሞላነው።

ብልጫን ለማወቅ ተወዳዳሪን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ጥናት እናድርግ አልኩ። ቢቸና ውስጥ ግን አይሆንም። እዚህ አንዷን አከራይ «ጉድለትሽ ምንድን ነው» ብትሏት እንጀራዬን ሊነጥቁኝ መጡ ብላ ሳይመሽ ሰፈሩን ታዳርሳለች። ስለዚህ በተማሪ አከራይነቷ ስሟ እስከ እኛ ድረስ የሚሰማ አንዲት ወይዘሮ ወዳለችበት ወደ ሞጣ ለመሄድ ተስማማን። መንገዱ ደኅና መሆኑን ሦስት ሰው ጠየቅን፤ አራተኛው ሐሳባችንን እንዳያስቀይረን ብለን ሳንጠይቀው ተሳፈርን። እስከ ደብረ ወርቅ እኔ ፍሬን ስረግጥ፣ አይናዲስ የጥያቄ ወረቀቷን ስታነብ ሄድን።

ወይዘሮ ዘይነባ እህል የሚነግድ ባል አላት፤ ከመጋዘኑ ጀርባ በተርታ የተሠሩ ስድስት ክፍሎች ለተማሪዎች ታከራያለች። ሰላምታ ተለዋውጠን ዙሪያውን ስናይ፣ በውስጤ ደስ ደስ አለኝ ብላችሁ ታዝኑብኛላችሁ? ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። መስኮት ተብሎ የተተወው ቀዳዳ በካርቶን ተወትፏል። የመጸዳጃው በር ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ሻወር ብሎ ነገር የለም፤ ልጆቹ ገላቸውን ለመታጠብ ወንዝ ይወርዳሉ። አይናዲስ እያንዳንዱን «ድክመት» በሚል ርእስ ሥር ስትጽፍ እስክሪብቶው ይፈጥንላት ነበር። በዚያ ቅጽበት ውድድሩን አሸንፈን ግቢውን ተረክበን አጥሩን ቀለም እየቀባን ነበር።

ከዚያ፣ ለሥርዓቱ ያህል፣ ወላጆች ለምን እርሷን እንደሚመርጡ ጠየቅኋት። ወይዘሮ ዘይነባ ጥያቄው ሞኝነት መስሎ ሳይታያት አልቀረም፤ ግን እንግዳ ነንና ታግሣ አስረዳችን። አባቶቹ ለባሏ እህል ሲሸጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ድስታቸው ለብቻ ነው፤ ረቡዕና አርብን ሲረሱ ጾም መሆኑን የምታስታውሳቸው እርሷው ነች። ስንቁ ያለቀበትን ልጅ ሞሰቡን ሳትከፍት ከፊቱ ታውቃለች። ከክፍል የቀረ ልጅ ካለ አባቱ በገበያ ቀን ይሰማል፤ የታመመ ካለ ጤና ጣቢያ ይዛው የምትሄደው እርሷ ናት። አይናዲስ መጻፏን አቆመች።

«አባቶቹ ክፍሉን ከፍተው እንኳ አያዩት» አለች ወይዘሮ ዘይነባ። «የሚያዩት እኔን ነው። አይተውኝ ሲያበቁ አደራ ይሉኛል፣ በቃ።»

ስንመለስ ከደብረ ወርቅ በኋላ አይናዲስ «ታዲያ ከወይዘሮ ዘይነባ በምን እንበልጣለን?» አለችኝ። በሻወር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በኋላ የፍሬኑን ነገር ትቼ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። እንደ ኢኮኖሚክስ መምህር «ብልጫ የለንም፣ ተይው» ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ በቀጥታ አውሮፕላን ላይ ሲያሳፍራት ታየኝ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እናም የፈራ ምሁር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል አልኩ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። የራሴ ነው፣ በማንም አላላክክም። «ደንበኛን ጠይቁ» ይላል መጽሐፉ፤ እኔም በቢቸና ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡትን አባቶች እንጠይቅ አልኳት። መጀመሪያ ያገኘናቸው አቶ ምሕረቴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ጤፋቸውን ሸጠው ጥላ ሥር አረፍ ብለዋል። አይናዲስ በትሕትና ጎንበስ ብላ ወረቀቷን ጀመረች። ዘጠነኛ ክፍል የምትገባ ልጅ አለችዎት ወይ? አለችኝ፣ ትሁነኝ ትባላለች አሉ። ምን ምን ትበላለች? ያማት ይሆን? ስታጠና ዓይኗን ያስቸግራታል? እንደ እኔ ያለች ሰው ብትንከባከብልዎት ፈቃደኛ ነዎት? አቶ ምሕረቴ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ አስበው መለሱ። በመጨረሻ እርሳቸው በተራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የማን ልጅ እንደሆነች። የእናቷንና የአያቷን ስም ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው እግዜር ያክብርልኝ ብለው ተነሡ። አይናዲስ ወረቀቷ ላይ «ፍላጎት፦ ከፍተኛ» ብላ ጻፈች።

እስቲ ፍረዱኝ። የጎጃም ገበሬ ልጅ ሆኜ፣ በዚህ አገር የሰውን ልጅ ምን ትበላለች፣ ምን ያማታል ብሎ ለወሬ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ እንዴት ጠፋኝ? ያን የሚጠይቅ የሚያበላና የሚያስታምም ነው። «የማን ልጅ ነሽ» የሚለው ጥያቄም ውሉ ላይ የሚያርፍ ፊርማ ነው። እኛ መጠይቅ ሞላን ስንል፣ እርሳቸው ጉዳዩን ጨርሰው አገራቸው ገብተዋል።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ ምሕረቴ ቤቴን ሰው ጠይቀው፣ አህያቸውን እየነዱ ደጄ ደረሱ። አህያው ላይ አንድ ጆንያ ጤፍና የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ፤ ከአህያው ኋላ ደግሞ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ የያዘች ትሁነኝ አለች። ወደ ውስጥ፣ አይናዲስ ወዳለችበት አስገብቼ ሁሉንም አስረዳሁ። ይህ ጥናት ብቻ መሆኑን፣ ግቢ እንደሌለ፣ ውድድሩ ገና ሐሙስ እንደሆነ፣ ዳኞች እንዳሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና ጥናትም ጥሩ ነገር መሆኑን መሰከሩልኝ።

«መምህር፣ እኔ እኮ የቤቱን ነገር አልጠየቅሁም» አሉ ከዚያ። «የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅሁ፣ ነገረችኝ። በይ፣ ልጄን አደራ፣ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ።»

የመጨረሻውን ያሉት ወደ አይናዲስ ዞረው ነው። አይናዲስ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ባለቤቴ አየሁ። ባለቤቴ ጆንያውን አስወርዳ ጓዳ አስገብታ ነበር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባለ ባደግንበት አገር «ይቅርታ፣ አደራ መቀበል አልጀመርንም» ብሎ የሚመልስ አፍ ማን አለው? አቶ ምሕረቴ ውኃ ጠጥተው፣ የልጃቸውን ግንባር ስመው ሄዱ። ትሁነኝ ሳሎን ውስጥ ከኢኮኖሚክስ መጻሕፍቴ ሥር ምንጣፏን ዘረጋች።

ሐሙስ ዕለት አይናዲስ ዳኞቹ ፊት ቀረበች። ስለ ሻወሩም ስለ ዋይፋዩም አልተናገረችም አሉ። አንደኛው ዳኛ እስካሁን ስንት ደንበኛ እንዳላት ቢጠይቃት አንድ፣ የት እንዳለች ቢጠይቃት በአጎቴ ሳሎን ብላ መለሰች። ዳኞቹ ሳቁ፤ በጥሩ ይሁን በክፉ አልታወቀም፤ ውጤቱ በሌላ ጊዜ ይነገራል ተባለ። እኔ እስካሁን ስልክ በጠራ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠራው ስልክ ግን የአይናዲስ ነው። ደላላው ነበር፤ ጉዞው ተሳክቷል፣ በአስቸኳይ ወደ አዲስ አበባ ነይ ይላል። ግቢው ውስጥ ቆማ ስታነጋግረው ከመስኮቱ እሰማለሁ፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ትሁነኝ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች። አይናዲስ ዓይኗን ከልጅቱ ሳትነቅል ተናገረች።

«አልችልም። የሰው አደራ አለብኝ።»

እስከ መቼ እንደሆነ ሳይጠይቃት አልቀረም፤ «ዘጠነኛ ናት፣ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን እኔ ነኝና ደስታው ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ወጥቼ የትሁነኝን ደብተር አየሁ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ስሕተት የለበትም። ይህች ልጅ በአራት ዓመት አንድም ሳትወድቅ ጨርሳ ትሄዳለች፤ አደራውም ያኔ ያበቃል። መምህር ከሆንኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንዲት ተማሪ ክፍል እንድትደግም ተመኘሁ።