ጉድጓድ የማይነካው ሾክ

ከመኪናው በላይ የመኪናውን ዕቃ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አያልነህ የሚባለው የፍኖተ ሰላም ጎረቤቴ እንዲያ ነው። ለአሮጌ አውቶሞቢሉ ስፖርት ሾክ፣ ያን የጉድጓድ መንገጫገጭ የሚያበርድ ዕቃ፣ ሲመርጥ ክረምትና በጋ አለፈ። ጠንካራው ይሻላል ወይስ ለስላሳው እያለ፣ ስልኩን ይዞ ከተማውን ሁሉ አማከረ። የደብራችን ዲያቆን እንኳ ስለ ጋዝ ሾክ የሚሉት ነበራቸው።

በዚህ መካከል ሽንዲ ያሉት የኔታ፣ ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን አዛውንት፣ ወገባቸው ተያዘ። አያልነህ «ሾኩ ይገጠም እንጂ፣ እንደ እንቁላል ይዤ ሆስፒታል አደርሳቸዋለሁ» አለ። እሳቸውም አምነው ጠበቁ።

ሾኩ መጣ፣ ተገጠመ፣ ጠበል ተረጨ። አላፊ አግዳሚው ሾኩን ሊሞክር ኮፈኑን እየተጫነ አደነቀ። በማግስቱ «በል እንሂድ» ስለው ፊቱ ጠቆረ።

«ከቡሬ ሽንዲ እኮ ኮረኮንች ነው። በአዲስ ሾክ እንዴት ይገባል?» አለኝ።

ከጉድጓድ ሊያድነን የተገዛ ዕቃ ከጉድጓድ ሲጠበቅ አይታችኋል? እኔ አየሁ። የኔታን በቆሎ በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ እያንገጫገጭኩ አመጣኋቸው።

ፍኖተ ሰላም ስንወርድ አያልነህ አስፋልት ዳር መኪናውን ይወለውላል። ደንግጦ የየኔታን ጉልበት ሳመ። ወዲያው ግን አላስቻለውም፤ «የኔታ፣ እስቲ ኮፈኑን አንዴ ይጫኑት» አላቸው።

ጎንበስ ብለው ተጫኑት። መኪናው ዝቅ ብሎ ወዲያው ቀጥ አለ። የኔታ ግን ቀና ማለት አቃታቸው።

«ደግ ገዝተሃል ልጄ» አሉ እንደጎበጡ። «የሚቀመጥበት ሰው ይስጥህ።»

አያልነህ «አሜን» አለ። እኔስ? የኔታን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው ኮፈኑን ተጫንኩት።