ኮርማው የተቆረጠበት ፎቶግራፍ

ጋዜጣ ከሚያመሰግናችሁ ውሻ ቢነክሳችሁ ይሻላል። ለምን አትሉኝም? የውሻው ባለቤት ይታወቃላ!

ወረታ ላይ ቅቤና ኑግ ስነግድ ሐጂ ሳልህ የሚባል የመናዊ ባለ ሱቅ ጎረቤት ነበረኝ። እዚህ አገር የከተሙት የመኖች አስመራ የሚያሳትሟት አንዲት ጋዜጣ በጭነት መኪና ትደርሰዋለች። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ብቻ ነበረች፤ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወንድሙ ጠፍቶበት ይፈልጋል… በቃ ይኸው ነው። ሐጂ እየተረጎመ ሲያነብልኝ፣ በማላውቀው ሰው ሞት አብሬው ከንፈሬን እመጥ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ጋዜጣዋ ወፍራ መጣች።

«ማን ቀለባት?» አልሁት።

«ከባሕር ማዶ ያለ አንድ መንግሥት ነው አሉ። ወረቀቱንም ቀለሙንም እሱ ይችላል።»

ከዚያ ወዲህ በየገጹ የዚያ አገር መሪ ፈገግ ይላል። ሟች የለ፣ ሙሽራ የለ! የመኖቹ ሁሉ መሞት ትተው መደገፍ ያዙ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው እንብላው» ነው ሲባል አልሰማችሁም?

ሐጂ ግን የዋህ ነው። እናቱ የመን ሆና «ሳልህ ሞቷል» እያለች እንደምታለቅስ ሰማ። መኖሩን የመን ድረስ በምትሻገረው በዚያች ጋዜጣ ሊያሳያት ፎቶ አንሺ ይዞ ይፋግ ገበያ መጣና እኛን ወዳጆቹን ዙሪያውን አሰለፈን።

«ሳቁ!» አለን።

ልንስቅ ስንል የአያ ተገኘ ኮርማ ገመዱን በጠሰ! የፎገራን ኮርማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ… አትወቁት። ዱላችን ሽቅብ፣ አፋችን ቦርቀቅ፣ «ያዘው! ያዘው!» ፎቶ አንሺው ያነሣን ልክ ያን ጊዜ ነው። ሌላ ፊልም ደግሞ የለው! ሐጂ ምን ያድርግ፣ «አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ለእናቴ ንገሩልኝ» ብሎ ጽፎበት ላከው።

ጋዜጣዋ መጣች። ፊት ገጽ ላይ ነን! መካከል ላይ እኔ… ጥርሴ ሳይቀር ይቆጠራል።

«ኮርማውስ?» አልሁ።

«ቆርጠውታል።» ሐጂ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ። «‹የፎገራ ሕዝብ ዱላውን አንሥቶ ለታላቁ መሪ ያለውን ድጋፍ ገለጠ› ይላል፣ ወላሂ!»

«እናትህስ?»

«እናቴን ምን ያደርጓታል?»

በሳምንቱ የወረዳው ገዥ አስጠሩኝ። ማን እንዳቀበላቸው እግዜር ይወቀው፣ ጋዜጣዋ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግታለች።

«አንተ ቅቤ ነጋዴ! ጃንሆይ እያሉልህ የሰው አገር መሪ ትደግፋለህ?»

«ጌታዬ፣ እኛ የጮኽነው ለኮርማ ነው።»

«መሪውን ኮርማ አልኸው? ይኸ ደግሞ ሌላ ክስ ነው! ነገ ደብረ ታቦር ወህኒ ቤት ትወርዳለህ!»

ምስክር አለኝ ብዬ ባለ ኮርማውን አስጠራሁ። አያ ተገኘ መጥቶ፣ ፎቶግራፉን አይቶ፣ ገዥውን አይቶ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጌታዬ፣ የኔ ኮርማ የማንም ደጋፊ አይደለም! ያን ቀን ከበረት አልወጣም!»

አለቀልኝ ስል ገዥው በፎቶግራፉ ጥግ ላይ ዓይናቸው ተተከለ። ቆራጩ የረሳት አንዲት ጅራት!

«ኮርማው ይምጣ፤ ጅራቱ ከዚህች ጋር ይመሳከራል» አሉ።

ወንበርና ጠረጴዛቸው ግቢ ወጣ፤ ኮርማው መጣ። ከግቢው ገብቶ ሕዝቡን ሲያይ ገና ገመዱን በጠሰ! ጸሐፊው ዛፍ ላይ፣ ፖሊሱ አጥር ላይ። ገዥው ወንበራቸው ላይ ወጥተው ከዘራቸውን ሽቅብ አንሥተው፣ «ያዘው! ያዘው!»

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎም ደገፉ!» አልሁ።

ከዘራው አየር ላይ ቀረ። ገዥው ቀስ ብለው ግራና ቀኝ አዩ።

«ፎቶ አንሺ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«በል ወደ ቅቤህ ሂድ!»

ሐጂም በመጨረሻ መልእክቱን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነገረው። ሾፌሩ ለጀልበኛ ነገረው፣ ጀልበኛው ለእናቱ። «ልጅሽ ደህና ነው» የምትለዋ ቃል ያን ሁሉ ተራራና ባሕር ተሻግራ ደረሰች… አንድም መሪ ሳይጨመርባት።