የአቶ ወልደ ሐዋርያት ሠላሳ አንድ ምላጮች

ዕቃ ሰብሳቢ የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ቴምብር ይለቅማል፣ አንዱ ባዶ ጠርሙስ ይደረድራል፣ ሌላው የማይሠራ ሬዲዮ ያከማቻል። ጠባያቸው ግን አንድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ በፊት ዕቃውን ያቀርባሉ፤ እንግዳው ሲያዛጋ ደግሞ የተደነቀ ይመስላቸዋል። እግዜር ለእንዲህ ያለው ሰው ትዕግሥተኛ ሚስት ይሰጠዋል ይባላል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ግን ራሷን ከትዕግሥተኞቹ ቆጥራ አታውቅም።

የእሷ ዕጣ ምላጭ ሆነ። ባለቤቷ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ባሕር ዳር ያለ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ የሚሰበስቡት ምላጭ ነበር፤ ያውም የሱቁን ስስ ምላጭ ሳይሆን እንደ ሰንጢ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን የጥንቱን። እሱም ቢሆን የጦር ሠራዊት ማህተም ከሌለበት ዞር ብለው አያዩትም። ዘውድ የተመታበት፣ ጣሊያን ጥሎት የሸሸ፣ እንግሊዝ የቀስት ጫፍ ያተመበት፣ ኮሪያ የዘመተ ወታደር ይዞት የተመለሰ። እጀታው ላይ የወታደሩ ቁጥር ከተቀረጸበትማ ደስታቸው ሳምንት አያልቅም።

"ስለቱን ተይው፤ ማህተሙን እይ!" ይሏታል።

ታያለች። ምን ታደርግ?

እሳቸው አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። በወጣትነታቸው ሊቀጠሩ ሄደው ዓይናቸው ደካማ ነው ተብለው ተመልሰዋል። አባታቸው ጣና ደሴት ላይ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸው በዜማው እንዲተካቸው ቢመኙም ልጅየው የወረሰው መቁጠርና መጻፍ ብቻ ሆነ። በምላጮቹም ጢማቸውን ተላጭተው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ምላጭ ቤታቸው አስቀምጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄደው ወረፋ ይጠብቃሉ። "የመንግሥት ታሪክ ጢም ላይ አይባክንም" ይላሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

አንድ ዘመን ለዘመድ ሠርግ ጎንደር ሲሄዱ አውቶቡሱ ሐሙሲት ቆመ። አቶ ወልደ ሐዋርያት በመስኮት አሻግረው አንድ ሰውዬ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ምላጭ በቆዳ ሲያሽ አዩና ወረዱ። አውቶቡሱ ባንቺአየሁንና የሠርጉን ስጦታ ይዞ ሄደ። እሷ ሠርጉ ላይ "ባልሽስ?" ለሚላት ሁሉ "አሟቸው ነው" ስትል ዋለች። በማግስቱ ብቅ አሉ፤ በሽተኛ አይመስሉም። ሰውዬው አለበል የሚባል የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ኮሪያ የዘመተ ወታደር ነበር፤ ሌሊቱን ሲያጫውታቸው አድሮ ምላጩን በነፃ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው አለበልን ይጠይቁታል። ለገዛ እህታቸው እንኳ እንዲህ አያደርጉም።

የከፋው ግን ለቅሶ ላይ ነው። አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ሚስትየዋ ደረት እየመታች ሳለ ጠጋ ብለው፣ "ነፍሳቸውን ይማር። ለመሆኑ ምላጫቸው የት ደረሰ?" አሏት። ባንቺአየሁ የምትገባበት ጠፋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ብቻዋን ትደርሳለች፤ "ጋሼ ወልደ ሐዋርያትስ?" ሲሏት "ሥራ ይዟቸው" ትላለች።

ማታ ከእራት በኋላ የእንጨት ሣጥኑ ይከፈታል። እያንዳንዱን ምላጭ በእሷ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይወለውሉና ከደብተራቸው ያነባሉ፤ ተራ ቁጥር፣ ማህተም፣ የወታደሩ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ የጦር ክፍሉ። እሷ ጥጥ እየፈለቀቀች የነገውን ታስባለች።

"እየሰማሽ ነው?"

"እየሰማሁ ነው" ትላለች። አትሰማም፤ ቢያንስ ለራሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ገባ። ቀበሌው ሰፈር ለሰፈር በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ማንም ሰው በእጁ ያለውን የጦር መሣሪያና የሠራዊት ንብረት ይዞ እንዲቀርብ አዘዘ። ያለው ሰው ጓሮው ቀበረ፤ ሐይቅ የጣለም አለ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ከረባት አሰሩ።

"የት ነው?" አለች ባንቺአየሁ።

"ላስመዘግብ።"

"ምኑን? ምላጭ መሣሪያ ሆነ እንዴ? ኧረ በእመቤቴ ይተዉት!"

"የሠራዊት ማህተም ያለበት የሠራዊት ንብረት ነው። ንብረት ይመዘገባል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።"

ሃያ ስድስት ዓመት ግምጃ ቤት የኖረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል? ደግሞ ባንቺአየሁ የልባቸውን ታውቀዋለች። መንግሥት ራሱ ምላጮቻቸውን ልይ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ሣጥኑን በብብታቸው፣ ደብተሩን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

ረፋድ ላይ ጎረቤቷ እናትዓለም እየሮጠች መጣች። "አንቺ! ጋሼን ይዘዋቸዋል። የቀድሞ ሠራዊት ሰዎች ስም ዝርዝር ተገኘባቸው አሉ!"

ባንቺአየሁ ጫማዋን የት እንዳደረገች አላስታወሰችም። ባዶ እግሯን ሄደች።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የመሣሪያ አሰሳው ኃላፊ ጓድ ክንዱ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከኋላው ቆመዋል። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። አቶ ወልደ ሐዋርያት አግዳሚው ላይ ናቸው። አልፈሩም። ፊታቸው የናፈቀው እንግዳ በመጨረሻ የመጣለት ሰው ፊት ነበር። ባንቺአየሁ ይህን አይታ ጠረጴዛው ድረስ ተጠጋች።

"እነዚህ ሠላሳ አንድ ሰዎች አሁን የት ነው የሚገኙት?" አለ ክንዱ። "አንድ በአንድ ይንገሩን።"

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይናገራሉ! ማንንም ለመጉዳት አይደለም፤ በኩራት ነው። መንደሩን፣ ጎረቤቱን፣ አጥሩ ላይ ያለውን ዛፍ ሳይቀር ይናገራሉ፤ ይህን ጥያቄ በዕድሜያቸው ሙሉ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙ በሕይወት አሉ። ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ባንቺአየሁ ታውቃለች።

"አንደኛው የሐሙሲቱ አለበል ነው፤ እሱማ…" ብለው ጀመሩ።

"ዝም በል!"

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ከአንቱ ሌላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"ሞቷል!" አለች ወደ ክንዱ ዞራ። "ነፍሱን ይማር። ይኸ ምን ያውቃል? ለቅሶ አይደርስ! ለቅሶውን ሁሉ የምደርሰው እኔ ነኝ። እኔን ጠይቁኝ።"

አለበል በዚያች ሰዓት ሐሙሲት ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ እያጠበ ነበር።

"ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ?" አለ ክንዱ።

"ደብተሩን ይዘህ ተከተለኝ።"

ጀመረች። አንደኛ፣ ማህተሙ፣ ቁጥሩ፣ አለበል፣ ነፍሱን ይማር። ሁለተኛ፣ ዘውድ ያለበት፣ የእንፍራንዙ አምባቸው፣ እሱንም ነፍሱን ይማር። ሦስተኛ። አራተኛ። የክንዱ ጣት በደብተሩ ላይ ይወርዳል፤ አንድም ቁጥር አልሳተችም። ራሷም ደነገጠች። ጥጥ ስትፈለቅቅ የኖረችባቸው ማታዎች ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ከአፏ ይፈስሱ ጀመር። የሞቱትን ሃያ ሁለት ሰዎች አነሳች፤ በሕይወት ያሉትን ዘጠኙን አንድ በአንድ ቀበረች። አምባቸውን ስትቀብር አቶ ወልደ ሐዋርያት አፋቸውን ከፍተው ነበር። አየቻቸው። መልሰው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም።

ክንዱ ደብተሩን ዘጋ። "ሁሉም ሙት?"

"በሕይወት ያለ ሰው ምላጩን ለሰው ይሰጣል እንዴ? በምን ሊላጭ? ይኸ ሰውዬ የሚለቅመው የሙት ምላጭ ነው። እኔ ነኝ ከሙት ዕቃ ጋር የምኖረው!"

አንደኛው ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ክንዱም አልቻለም፣ ሳቀ። "በይ ውሰጃቸው" አለ። "ሣጥኑና ደብተሩ ግን እዚሁ ይቀራሉ።" ደረሰኝ አልተቆረጠም። አቶ ወልደ ሐዋርያትም አልጠየቁም።

በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ተመለሱ። ዳርቻው ላይ የደንገል ታንኳዎች ተገልብጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሳቸው ከቀበሌው ደጃፍ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም፤ ይህም በትዳራቸው ታይቶ አያውቅም። ባንቺአየሁ ወቀሳውን ጠበቀች። በሰው ፊት አዋርዳቸዋለች፣ አንተ ብላቸዋለች፤ የዕድሜ ልክ ድካማቸውም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ምን ቢሏት ትችለው ነበር። በሕይወት ከጎኗ መራመዳቸው ብቻ ይበቃት ነበር። እንዲህ እንደምትወዳቸው እስከዚያ ቀን አላወቀችም።

"ባንቺአየሁ" አሉ በመጨረሻ።

"አቤት።"

"የአለበል ለቅሶ እንዴት ነበር?"

ቀና ብላ አየቻቸው። አይቀልዱም።

"ሰው ሞልቶ ነበር" አለች። "ከሐሙሲት ዙሪያ ያልመጣ የለም።"

"የአምባቸውስ?"

"እሱም ጋ እንደዚያው። እንፍራንዝ ነቅሎ ነው የወጣ።"

ጥቂት ሄዱ።

"አለቀስሽላቸው?"

"ገና ነኝ" አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ አለችና አለቀሰች። አቶ ወልደ ሐዋርያት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንዲት ነገር ሳይጠይቁ፣ ለቅሶዋ እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሙ።