የመልሱ አበባ

ቆጣቢ ሰው ለአንድ ቀን ቸር ልሁን ቢል ማን ያምነዋል? እኔ በሶዶ ገበያ ከሸክም ተነስቼ ሱቅ የከፈትኩ ሰው ነኝ። ክብሪት እንኳ ቆጥሬ ነው የምጭረው። ሳሎኔ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ አበባ ልጄ አስቴር ሳትወለድ የተገዛ ነው፤ ባለቤቴ በዓል በመጣ ቁጥር በሳሙና ታጥበዋለች። ምን ጎደለው?

አስቴር ልትዳር ቀን ሲቆረጥ ግን ሰፈሩ፣ ሰውዬው ያንኑ ፕላስቲክ ተሸክሞ አዳራሽ ይገባል እያለ ይስቅ ጀመር። ልጄም ሰምታ፣ “አባባ፣ እባክህ ለዚህ እንኳ አትቁጠር” አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እውነተኛ አበባ እንዲሆን ወሰንኩ፤ ያውም ለሠርጉ ብቻ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ለሚሆነው መልስም ጭምር። አንዱን አበባ ለሁለት ድግስ ማዋል መቁጠር አይባልም፤ ማሰብ ነው።

የእህቴ ልጅ ማርታ ዝዋይ አካባቢ አበባ እርሻ ትሠራለች። በሠርጉ ዋዜማ ካርኔሽን የሚባል አበባ በባልዲ ሙሉ፣ ከትንሽ ዱቄት ጋር ይዛልኝ መጣች። እንዳስረዳችኝ፣ አበባን የሚያስረጀው ኤትሊን የሚባል፣ ከራሱ ከአበባውም ከሚበስል ፍሬም የሚወጣ የማይታይ ጋዝ ነው። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ሌላ ጋዝ ይለቅና አበባው ያንን የእርጅና ጥሪ እንዳይሰማ ያደርገዋል። በተዘጋ ክፍል አንድ ሌሊት ይበቃል። ለሰውም ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኳት። “ጋሼ፣ እርስዎ ዘግይተዋል” አለች።

ዕቃ ቤቱን እንደ ግምጃ ቤት አሸግኩት፤ የበሩን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወተፍኩ። ጠዋት ስከፍት ባለቤቴ ተከትላኝ ገባችና ጥግ ላይ ያለ ማዳበሪያ ገለጠች። ለመልሱ እንግዶች ይብሰል ብላ ያስቀመጠችው የሙዝ ዘለላ ነው። ሁሉን የምቆጥር ሰው እሱን ሳልቆጥር ቀርቻለሁ። ማርታ ሙዙን አይታ ከት ብላ ሳቀች፤ ሙዝን የሚያበስለውም ያው ጋዝ ነውና፣ እሱም ጥሪውን አይሰማም ማለት ነው።

ሠርጉ አማረ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ በየማለዳው ሌላ ሙዝ ግዛ ትለኛለች፤ እኔም በየማለዳው፣ ነገ ይበስላል እላለሁ። እጅ መስጠት የት ለምዶብኝ። የመልሱ ዕለት አበባው ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሙዙም እንደ ቅጠል አረንጓዴ። ባለቤቴ ልታሳፍረኝ ፈልጋ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛው መሀል አኖረቻቸው። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ምስጋናዬን መጠበቅ ያዝኩ።

የሙሽራው እናት ከጉኑኖ መጥተዋል። በሠርጉ ያዩትን አበባ ሲያዩ ቆም አሉ፣ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ቀጥለው ሙዙን ጫን፣ ጫን አደረጉ፤ ንቅንቅ የለም። ከዚያ በሐዘኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ “የአስቴር አባት፣ አበባው ፕላስቲክ እንደሚሆን ሰው ነግሮኝ ነበር፤ ሙዙንም ይጨምራሉ ብዬ ግን አላሰብኩም” አሉኝ።